የብሪታንያ ስፒሪችዋሊስቶች «ሃይማኖት» ተብለው የታወቁት መቼና በየትኛው ሕግ ነው?

መዝገቡ_ዘአራዳ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ስለ አነስተኛ የእምነት ማኅበራት ሕጋዊ አቋም አንድ ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። በረቂቄ ውስጥ፣ የሞቱ ሰዎች ነፍስ ከሕያዋን ጋር ይነጋገራል ብለው የሚያምኑት የብሪታንያ ስፒሪችዋሊስቶች «በ1951 በወጣ ሕግ በይፋ ሃይማኖት ተብለው ዕውቅና አገኙ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ይህን ሐሳብ በብዙ ቦታ አንብቤዋለሁ። ሆኖም የሕጉን ጽሑፍ አግኝቼ ከላይ እስከ ታች ሳነበው ስለ ሃይማኖት የሚናገር አንድም አንቀጽ አጣሁበት። የሚናገረው ስለ አጭበርባሪዎች ብቻ ነው። እንግዲህ ዕውቅናው የት ተሰጠ? ማንስ ሰጠው? ዓመቶቹን ሁሉ የጠቀስኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጠበቃ_በትርፍ_ጊዜው

ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ የሚያደናግረዎት ግን ሕጉ ሳይሆን «ዕውቅና» የሚለው ቃል ይመስለኛል። እኛ ኢትዮጵያውያን ዕውቅና ስንል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይታየናል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በስሟ ጠርቶ የሰውነት መብት ሲሰጣት፣ የሌሎቹን ሃይማኖቶች ጉዳይ በልዩ ሕግ ይወሰናል ብሎ አሳድሮታል። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኙት በ2012 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለእኛ ዕውቅና ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ጋዜጣ አለው።

በእንግሊዝ ግን ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጪ ላለ እምነት «አንተ ሃይማኖት ነህ» ብሎ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። ያለው ልዩ ልዩ በር ነው፤ እያንዳንዱ በር የራሱ ዘበኛ አለው፣ ዘበኛውም የሚጠይቀው የራሱን ጥያቄ ብቻ ነው። የኩባንያ መዝጋቢው ስለ መተዳደሪያ ደንብ፣ የበጎ አድራጎት ሕግ ስለ ሕዝብ ጥቅም፣ የጋብቻ መዝጋቢው ሕንጻው የአምልኮ ቦታ ስለ መሆኑ፣ የወንጀል ሕጉ ስለ ማታለል ይጠይቃሉ። ስፒሪችዋሊስቶች በእነዚህ በሮች የገቡት በየተራና በተለያየ ዘመን ነው፤ አንዱ በር ተከፍቶላቸው ሳለ ሌላው ጥርቅም ብሎ የተዘጋበት ጊዜም ነበር። ዓረፍተ ነገርዎ የሚሳሳተው በር ሁሉ በ1951 በአንድ ጊዜ የተከፈተ በማስመሰሉ ነው።

ወለተ_ታሪክ

ከሕጉ በፊት ታሪኩን ማስቀመጥ ይሻላል፤ አለዚያ ማኅበሩ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ስለ መብቱ መነጋገር ይሆናል።

እንቅስቃሴው የተጀመረው በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ሃይድስቪል በምትባል መንደር፣ በመጋቢት 1848 መጨረሻ ነው። ማርጋሬትና ኬት ፎክስ የተባሉ ሁለት እኅትማማች ልጆች በቤታቸው ውስጥ የሚሰማው ማንኳኳት የሞተ ሰው ድምፅ ነው አሉ። ማርጋሬት ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ድምፁን የምታወጣው በእግር ጣቷ መገጣጠሚያ እንደ ነበር በአደባባይ አሳየች፤ በዓመቱ ደግሞ ኑዛዜዋን መልሳ ካደች። ይህን የማነሣው ለማሾፍ አይደለም። እምነቱ ገና ከመወለዱ «እውነት ነው ወይስ ማታለል?» የሚለው ጥያቄ አብሮት ስለ ተወለደ ነው፤ ሕጉም አንድ መቶ ዓመት ሙሉ የተሟገተው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነበር።

እምነቱ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር በመጀመሪያ ሥር የሰደደው በለንደን መኳንንት ሳሎን ብቻ ሳይሆን በሰሜኑ የፋብሪካ ከተሞች ነው። የመጀመሪያው ጉባኤ በ1853 በዮርክሻየር ኪይትሊ በምትባል የሽመና ከተማ ተቋቋመ። አባላቱ የእጅ ሥራ ሰዎች፣ ሸማኔዎች፣ የሠራተኛ መብት ተሟጋቾች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከቀሳውስት ሥልጣን ጋር የቆየ ጠብ ነበራቸው። በዚህ የተነሣ የየከተማው ጉባኤ ራሱን ችሎ የሚኖር፣ ጳጳስ የሌለው፣ ንብረቱ በግለሰቦች ስም የተመዘገበ ሆነ። አንድ ባለአደራ ሲሞት ወይም ሲጣላ አዳራሹ አብሮ ሊሄድ ይችል ነበር።

ይህን የተበታተነ ሕዝብ ለመሰብሰብ ብዙ ከደከሙት መካከል ኤማ ሃርዲንጅ ብሪተን የተባሉት ተናጋሪና ጸሐፊ አሉበት። በ1890 በማንቸስተር የስፒሪችዋሊስቶች ብሔራዊ ፌዴሬሽን ተመሠረተ። ፌዴሬሽኑ ግን በሕግ ፊት ሰው አልነበረም፤ መሬት መግዛት፣ ውርስ መቀበል፣ መክሰስና መከሰስ አይችልም። ስለዚህ በ1901 የስፒሪችዋሊስቶች ብሔራዊ ኅብረት በኩባንያ ሕግ መሠረት፣ ባለአክሲዮን በሌለበትና ኃላፊነቱ በአባላት ዋስትና በተወሰነ ማኅበር መልክ ተመዘገበ፤ በዓመቱም የፌዴሬሽኑን ሥራ ተረከበ። የመጀመሪያው በር እንግዲህ የሃይማኖት በር አልነበረም፤ የነጋዴ በር ነበር። የሳሙና ፋብሪካ የሚመዘገብበት ሕግ ነው ነፍሳትን የሚያነጋግሩ ሰዎች ማኅበር የተመዘገበበት።

አንባቢ_ብቻ

ይቅርታ፣ አንድ የቃል ጥያቄ። «መንፈሳውያን» ብንላቸው አይቀልም? ስፒሪችዋሊስት የሚለው ለአፍም ለጆሮም ይከብዳል።

ወለተ_ታሪክ

አይሆንም ወንድሜ። በአማርኛ «መንፈሳዊ ሰው» ማለት ጸሎተኛ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ማለት ነው፤ «መንፈሳዊ ማኅበር» ብንላቸው አንባቢ የጽዋ ማኅበር ይመስለዋል። በሌላ በኩል የመጽሐፍ ቅዱሳችን ቃል፣ በኦሪት ዘዳግም «መናፍስት ጠሪ» እና «ሙታን ሳቢ» የሚለው፣ ፍርዱን አስቀድሞ የያዘ ነው። እነርሱ ራሳቸውን እንደዚያ አይጠሩም። ከሁለቱም ለመራቅ የውጭውን ስም መያዝ ይሻላል። ከሙታን ጋር ያገናኛል የሚባለውን ሰውም «ሚዲየም» እንበለው።

ዘካርያስ_ሐዋሳ

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሳኦል ወደ ዓይንዶር ሴት ሄዶ ምን እንደ ደረሰበት ሁላችንም እናውቃለን። ቃሉ በግልጽ የከለከለውን ነገር መንግሥት እንዴት ሃይማኖት ብሎ ይቀበላል? ይህ ሳይመለስ ስለ ኩባንያ ምዝገባ ማውራት ምን ይጠቅማል?

አወያይ

ወንድም ዘካርያስ፣ ጥያቄዎ የሚከበር ነው፤ ለነገረ መለኮት በተከፈተው ክር ውስጥ ቢያነሡት ብዙ ሰው ይመልስልዎታል። እዚህ የምንወያየው እምነቱ ትክክል ስለ መሆኑ ሳይሆን ሕጉ እንዴት እንዳስተናገደው ነው።

ጠበቃ_በትርፍ_ጊዜው

በአወያዩ ፈቃድ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የወንድም ዘካርያስ ጥያቄ ከርእሳችን የራቀ አይደለም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በዚህ ተጨንቃለች። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኮዝሞ ላንግ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁመው፣ አብዛኞቹ የኮሚቴው አባላት ለስፒሪችዋሊስቶች ልበ ሰፊ የሆነ ሪፖርት ቢያቀርቡም ሪፖርቱ እንዳይታተም ተደረገ። ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ቆይቶ የስፒሪችዋሊስቶች ጋዜጣ ሾልኮ የወጣውን ቅጂ አተመው። ቤተ ክርስቲያኗ ምን ልበል ብላ ዝም ባለችበት ጉዳይ ዳኞችና የምክር ቤት አባላት መወሰን ነበረባቸው።

አሁን ወደ ወንጀል ሕጉ ልግባ፤ የነገሩ እምብርት እዚህ ነውና። በስፒሪችዋሊስቶች ላይ ሁለት አሮጌ ሕጎች ተንጠልጥለው ነበር።

አንደኛው የ1824 የቦዘኔዎች ሕግ ነው። አራተኛው ክፍሉ ዕድል እነግራለሁ ባዩን፣ በመዳፍ ንባብ «ወይም በሌላ» ብልሃት ሕዝብን የሚያታልለውን ሰው ከወሮበላና ከቦዘኔ ጋር ይደምረዋል። (በእኛ ሀገር «አደገኛ ቦዘኔ» የሚለው አዋጅ ሲወጣ የነበርን ሰዎች የቃሉን ስፋት እናስታውሳለን።) በ1876 ሄንሪ ስሌድ የተባለ አሜሪካዊ ሚዲየም በዚህ ሕግ ለንደን ላይ ተከሰሰ። ከሳሹ ሬይ ላንከስተር የተባለ ወጣት የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ነበር፤ ቻርልስ ዳርዊን ለክሱ ማስፈጸሚያ 10 ፓውንድ ሲያዋጣ፣ የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ ከእርሱ ጋር የሚጋራው አልፍሬድ ራስል ዋላስ ደግሞ ለተከሳሹ መሰከረ። ስሌድ የሦስት ወር ከባድ ሥራ ተፈረደበት፤ በይግባኝ ግን የክሱ ጽሑፍ «በመዳፍ ንባብ ወይም በሌላ» የሚሉትን ቃላት በመዝለሉ ብቻ ፍርዱ ተሻረ። ነፃ ያወጣው ከሙታን ጋር መነጋገሩ ሳይሆን የጸሐፊው ግድፈት ነው።

የባሰው በ1921 መጣ። ፍርድ ቤቱ በዚህ ሕግ ለመቅጣት የማታለል ሐሳብ እንዳለ ማስረዳት አያስፈልግም አለ። ትርጉሙን አስቡት፤ ሚዲየሙ በሙሉ ልቡ የሚያምን ቅን ሰው ቢሆንም ቅንነቱ መከላከያ አይሆነውም። ሕጉ የሚለው «ይህ ነገር በተፈጥሮው ሊሆን አይችልምና፣ አደርገዋለሁ ያለ ሁሉ አታላይ ነው» ነበር። በኩባንያ ሕግ የተመዘገበ፣ አዳራሽ ያለው፣ እሑድ እሑድ መዝሙር የሚዘምር ማኅበር የአምልኮቱ ዋና ክፍል ወንጀል ነው ማለት ነው። አንዱ በር ተከፍቶ ሌላው ጥርቅም ያልኩት ይህን ነው።

ሁለተኛው የ1735 የጥንቆላ ሕግ ነው። ስለዚህ ሕግ የሚነገረው በአብዛኛው የተገለበጠ ነው። ሕጉ ጥንቆላን የሚያምን ሳይሆን የማያምን ሕግ ነው፤ ጠንቋይ መግደልን አስቀርቶ፣ «ጥንቆላ የሚባል ነገር የለም፣ አለኝ የሚል ግን ያታልላልና እስከ አንድ ዓመት ይታሰር» የሚል የብርሃን ዘመን ልጅ ነው።

ሰላማዊት_ከሊድስ

የሄለን ደንከንን ታሪክ ማን ይጻፍልን? እዚህ ሀገር «የመጨረሻዋ ጠንቋይ» እየተባለች በቴሌቪዥን ሁልጊዜ ትነሣለች። የጦር መርከብ መስጠሙን ስለ ተናገረች መንግሥት ፈርቶ አሰራት ይባላል።

ወለተ_ታሪክ

እኅቴ ሰላማዊት፣ ታሪኩ እውነትና ጌጥ ተደባልቆበታል፤ ልለይልሽ።

ደንከን በ1897 የተወለደች ስኮትላንዳዊት ሚዲየም ናት። በ1933 በኤድንብራ መንፈስ ነው ያለችው ነገር የሴት የውስጥ ልብስ ሆኖ ተገኝቶ 10 ፓውንድ ተቀጥታለች። በጦርነቱ ጊዜ በፖርትስመዝ፣ ማለትም ባሕርተኛ ባሎችና ልጆች ያጡ ሴቶች በሞሉበት ወደብ፣ የምታሳየው ትዕይንት ብዙ ሰው ይስብ ነበር። ባርሃም የተባለው የጦር መርከብ በኅዳር 1941 መጨረሻ ሰምጦ ከ860 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ መንግሥት ዜናውን እስከ ጥር 1942 ደብቋል። ደንከን የአንድ ባርሃማዊ ባሕርተኛ መንፈስ አየሁ አለች ይባላል። ነገር ግን የሟቾቹ ቤተሰቦች ምስጢሩን እንዲጠብቁ ተነግሯቸው በደብዳቤ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ በወደብ ከተማ ውስጥ ስንት ቤት ለቅሶ እንደ ተቀመጠ አስቢና ምስጢሩ ምን ያህል ምስጢር እንደ ነበር መገመት አያዳግትሽም። የተያዘችውም በጥር 1944፣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በመጋቢት 1944 መጨረሻ በለንደን ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት ቀረበች። በቦዘኔዎች ሕግ ብትከሰስ ጉዳዩ በታችኛው ፍርድ ቤት በአጭሩ ያልቅ ነበር፤ ዓቃቤ ሕጉ ግን ከበድ ያለውን ፈልጎ የጥንቆላውን ሕግ ከአቧራው አወጣው። በሚያዝያ 3 ቀን ዘጠኝ ወር ተፈረደባት። ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ለአገር ግዛት ሚኒስትሩ ኸርበርት ሞሪሰን፣ ይህ ያረጀ ሕግ በዘመናዊ ፍርድ ቤት ለምን እንደ ተጠቀሰና ምን ያህል ወጪ እንዳስወጣ እንዲያስረዱ ማስታወሻ ጻፉ፤ ክሱንም ጊዜ ያለፈበት ጅልነት አድርገው ነው የገለጹት። ይግባኟም አልሠራም። መከላከያዋ ሕጉ የሚመለከተው ክፉ መናፍስትን መጥራትን ነው የሚል ነበር፤ ይግባኝ ሰሚዎቹ ሕጉ መንፈስ እጠራለሁ ባይን ሁሉ ይመለከታል ብለው ዘጉት።

እንግዲህ «ጠንቋይ ናት ተብላ ተፈረደባት» የሚለው ስሕተት ነው፤ የተፈረደባት ጠንቋይ ሳትሆን ነኝ ብላለች ተብላ ነው። የመጨረሻዋም አይደለችም፤ በዚያው ዓመት በኋላ ጄን ዮርክ የተባሉ አሮጊት በዚሁ ሕግ ጥፋተኛ ተብለው 5 ፓውንድ ተቀጥተዋል፤ ዕድሜያቸው ታይቶ ከእስር ተረፉ።

ዳዊት_ዲሲ

እዚህ አሜሪካ ላለን ሰዎች አስደናቂው ነገር ቀኑ ነው። ደንከን በተፈረደባት በዚያው ወር፣ በሚያዝያ 24 ቀን 1944፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባላርድ የተባለ ቤተሰብ ያቋቋመውን «አይ ኤም» የተባለ ንቅናቄ በሚመለከት ውሳኔ ሰጠ። ቤተሰቡ በተአምር ሰው እንፈውሳለን እያለ ገንዘብ ሰብስቧል ተብሎ በማጭበርበር ተከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ዳኛም ሆነ የሸንጎ አባል የአንድ ሰው የሃይማኖት ትምህርት እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ ሊመረምር አይችልም፤ ሰዎች ማስረዳት የማይችሉትን ነገር ማመን ይችላሉ። ሊመረመር የሚችለው ተናጋሪው በሚናገረው ነገር ከልቡ ያምናል ወይ የሚለው ነው።

ለንደን ላይ ግን የደንከን ጠበቃ ቻርልስ ሎዝቢ ደንበኛቸው በፍርድ ቤቱ ፊት ችሎታዋን ታሳይ ብለው ነበር፤ አልተደረገም። የዋሽንግተኑ መንገድ እንዲህ ያለውን ሙከራ ጭራሽ የማይጠይቅ ነው። በአሜሪካ የስፒሪችዋሊስት አብያተ ክርስቲያናት ብሔራዊ ማኅበር በ1893 በቺካጎ ተመሥርቶ ነበር፤ ከተሞችና ግዛቶች በዕድል ተናጋሪ ላይ ባወጧቸው ደንቦች ግን አባላቱ ሲንገላቱ ኖረዋል። ሕገ መንግሥታዊ ጥበቃ ስላለ ብቻ ፖሊስ አያንኳኳም ማለት አልነበረም።

ጠበቃ_በትርፍ_ጊዜው

አቶ ዳዊት ነጥቡን አግኝተውታል። የ1951ዱ የእንግሊዝ ሕግ ወደዚያው ሐሳብ የደረሰው በሌላ መንገድ ነው፤ በሕገ መንግሥት ሳይሆን በተራ የወንጀል ሕግ ማሻሻያ።

ስፒሪችዋሊስቶች ማሻሻያውን ለረጅም ጊዜ ጠይቀዋል። ሰር አርተር ኮናን ዶይል፣ አዎን የመርማሪው የሼርሎክ ሆምስ ፈጣሪ፣ በሐምሌ 1 ቀን 1930 ታመው ሳሉ የልዑካን ቡድን መርተው አገር ግዛት ሚኒስትሩ ዘንድ ቀርበው ነበር፤ በሳምንቱ ሞቱ። ያ ጥረት ከሸፈ። ከደንከን ጉዳይ በኋላ ግን ኅብረቱ በየምክር ቤት አባሉ ደጅ ጠና፤ ከሁለት የዓለም ጦርነት በኋላ ሐዘንተኛ መራጭ ብዙ ነበርና ሰሚ አገኘ። የሠራተኛ ፓርቲው ዋልተር መንስሎ በግል ያቀረቡት ረቂቅ በሰኔ 1951 ጸደቀ።

ሕጉ ሦስት ነገር አደረገ። የጥንቆላውን ሕግ ሻረ። ሚዲየሞችን ከቦዘኔዎች ሕግ አወጣ። በቦታውም አዲስ ወንጀል አስቀመጠ፤ ለመቅጣት ግን ሚዲየሙ የማታለል ሐሳብ እንደ ነበረው ወይም የማታለያ መሣሪያ እንደ ተጠቀመ፣ ያንንም ለክፍያ እንዳደረገው ማስረዳት ግድ ሆነ፤ ያለ ዋናው ዓቃቤ ሕግ ፈቃድም ክስ አይመሠረትም። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ይደርሳል። ለመዝናኛ ብቻ የተደረገ ትዕይንት አይነካም።

የእኔ አስተያየት፦ «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ባይኖርበትም ትልቁ ዕውቅና ይህ ነው። ከዚያ በፊት ሕጉ «ሙታን አይናገሩም» ብሎ ይነሣ ነበር። ከዚያ በኋላ ሙታን ይናገሩ አይናገሩ አላውቅም፣ የማውቀው አንተ ዋሽተህ እንደሆነ ነው አለ። ቅን አማኝ የሚባል ሰው በሕግ ፊት ሊኖር የቻለው ያን ቀን ነው። (በነገራችን ላይ ስፒሪችዋሊስቶች ባስነሡት መንገድ ሌላ መንገደኛም አልፎበታል፤ ጄራልድ ጋርድነር የጥንቆላ ሃይማኖት ተከታይ ነኝ ብሎ በአደባባይ መጻፍ የጀመረው የ1735ቱ ሕግ ከተነሣ በኋላ ነው። ደጅ የጠኑት ሰዎች ይህን አስበውት አይመስለኝም።)

ሰናይት_ዘባለአደራ

በዚህ አልስማማም፤ ጠበቃው ይቅር ይበሉኝ። የአንድ እምነት አገልጋዮችን በስማቸው ጠርቶ ልዩ የማጭበርበር ወንጀል የሚያቆምላቸውን ሕግ ዕውቅና ማለት ይከብደኛል። «የአጭበርባሪ ቀሳውስት ሕግ» የሚባል ነገር አለ? ሰንሰለቱ ረዘመ እንጂ አልተፈታም። ለእኔ ሃይማኖት መሆን የሚለካው በንብረትና በውርስ ነው፤ ሰው ሲሞት ገንዘቡን ለማን እንደሚተው ሕጉ ሲፈቅድለት።

በዚህ በኩል ያለው ታሪክ የበለጠ ይገርማል። በ1862 አንድ የእንግሊዝ ዳኛ ጆአና ሳውዝኮት የተባለችውን ነቢይት ነኝ ባይ መጻሕፍት ለማሳተም የተተወ ውርስ ቀረበላቸው። ዳኛው ትምህርቷን እንደ ቅዠት ቢያዩትም ፍርድ ቤት በሃይማኖትና በሃይማኖት መካከል አያበላልጥም ብለው የበጎ አድራጎት ውርስ ነው አሉት። ቀልዱ፣ በዚያ ዘመን መሬት ለበጎ አድራጎት በኑዛዜ መተው የተከለከለ ስለ ነበር ያ ክብር ራሱ ውርሱን አፈረሰው።

በ1923 የስፒሪችዋሊስቶች ተራ ደረሰ። አንድ ሰው ሚዲየሞችን የሚያሠለጥን ኮሌጅ እንዲቋቋም ገንዘብ ተወ። ዳኛ ራስል አልተቀበሉትም። የአውራሹ መልካም አሳብ ብቻውን የሕዝብ ጥቅም አይሆንም፤ እንደዚያማ ከሆነ ፑድል ውሾችን ዳንስ ለማስተማርም ዘላለማዊ አደራ ሊቋቋም ነው አሉ። ሚዲየም ማሠልጠንና ውሻ ማስደነስ በአንድ ዓረፍተ ነገር! ልብ በሉ፣ ኅብረቱ በዚህ ጊዜ ከተመዘገበ 22 ዓመት ሆኖታል።

ዛሬ ያው ኅብረት የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በ1964 አርተር ፊንድሌይ የተባሉ ባለጸጋ በኤሴክስ ያለውን ስታንስቴድ ሆል የተባለ ትልቅ ግቢያቸውን ለኅብረቱ አስተላልፈው፣ በስማቸው የሚጠራው ኮሌጅ ሚዲየሞችን ሲያሠለጥንበት ይኖራል። በ1923 ውሻ ከማስደነስ ጋር የተነጻጸረው ትምህርት በአርባ ዓመቱ የራሱ ቤተ መንግሥት ነበረው።

ጠበቃ_በትርፍ_ጊዜው

ፑድሉን ረስቼው ነበር፤ ተረታሁ ባልልም አከብራለሁ። ነገር ግን እመቤት ሰናይት፣ አምልኮቱ ወንጀል ሆኖ ሳለ «የሕዝብ ጥቅም አለው» ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ከየት ይነሣል? የ1951ዱ በር ሳይከፈት የ1964ቱ ስጦታ እንዲህ በሰላም ይኖር ነበር ብዬ አላምንም።

ሰናይት_ዘባለአደራ

በቅደም ተከተሉ እስማማለሁ። የማልስማማው «ዕውቅና» በሚለው ስም ነው።

ሰላማዊት_ከሊድስ

እኔ ከምታውቁት ይልቅ ካየሁት ልናገር። አብራኝ የምትሠራ እንግሊዛዊት እናቷ ስትሞት ቀብሩን ያስፈጸሙት የስፒሪችዋሊስት አገልጋይ ነበሩ። የገባንበት ቤት ከውጭ ሲታይ የቀበሌ አዳራሽ ይመስላል። ውስጡ ወንበር፣ ኦርጋን፣ አበባ፤ በግድግዳው ላይ ሰባት መርሖች በፍሬም ተሰቅለዋል። የእግዚአብሔር አባትነት፣ የሰው ልጆች ወንድማማችነት፣ ከመናፍስት ጋር ያለ ኅብረትና የመላእክት አገልግሎት፣ የነፍስ ሕልውና መቀጠል፣ የግል ኃላፊነት፣ ለደግና ለክፉ ሥራ በወዲያኛው ዓለም የሚከፈል ብድራት፣ ለነፍስ ሁሉ የተከፈተ ዘላለማዊ ዕድገት። ስለ ክርስቶስ የሚናገር መስመር ፈልጌ አጣሁ። ለመሆኑ እዚያ ቤት ውስጥ ጋብቻ ይፈጸማል?

ጠበቃ_በትርፍ_ጊዜው

ይፈጸማል፤ ቤቱ ከተመዘገበ። መጀመሪያ በ1855 ሕግ መሠረት የአምልኮ ቦታ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከዚያ ሃያ የቤት ባለቤቶች ዘወትር የምናመልክበት ቦታ ነው ብለው ሲፈርሙ በ1949 የጋብቻ ሕግ መሠረት ለጋብቻም ይመዘገባል።

ያነበቡት የመጀመሪያው መርሕ በሕግ ዓይን ከሁሉ የከበደ ነው። በ1970 ሳይንቶሎጂስቶች፣ ማለትም ሳይንቶሎጂ የተባለው አዲስ የእምነት ንቅናቄ ተከታዮች፣ ቤታቸውን እንደ አምልኮ ቦታ ለማስመዝገብ ሲከራከሩ ዳኛ ዴኒንግ አምልኮ ማለት ለአምላክ ወይም ለልዑል ኃይል የሚቀርብ ክብር ነው ብለው መለሷቸው፤ ያ መለኪያ የተሻረው በ2013 ነው። «የእግዚአብሔር አባትነት» ብለው በግድግዳቸው ላይ የጻፉ ሰዎች በእንዲህ ዓይነቱ መለኪያ አይወድቁም። ክርስቶስ አለመጠቀሱን በትክክል አስተውለዋል፤ በዚህ የተነሣ ክርስቲያን ስፒሪችዋሊስቶች በ1931 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል። ለመዝጋቢው ግን ልዩነቱ ቁም ነገር አልነበረም።

መዝገቡ_ዘአራዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ የ1951ዱ ሕግ ዛሬም ይሠራል?

ሰናይት_ዘባለአደራ

አይሠራም። በግንቦት 2008 ሸማቾችን ከአሳሳች ንግድ የሚጠብቅ ደንብ ሲወጣ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ለክፍያ የሚሠራ ሚዲየም የሚታየው እንደ ማንኛውም ነጋዴ ነው። ብዙዎች «ለመዝናኛ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ጀመሩ፤ አማኞቹ ግን ይህን ከስድብ ቆጠሩት፣ ቄስ ከቅዳሴ በፊት እንዲህ በል አይባልምና። በዓመቱ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በማንቸስተር ፖሊስ ውስጥ አሠልጣኝ የነበረ ስፒሪችዋሊስት ከሥራ ተሰናብቶ በእምነቴ ነው ብሎ ሲከስ፣ የሥራ ክርክር ዳኛው በሚዲየሞችና ከሞት በኋላ ባለ ሕይወት ማመን በአድልዎ ሕጉ ጥበቃ የሚገባው እምነት ሊሆን ይችላል ብለው ወሰኑ። ክሱን አላሸነፈም፤ እምነቱ ግን ከደጅ አልተመለሰም። በ2001 የሕዝብ ቆጠራ ከ32,000 በላይ፣ በ2011 ደግሞ ወደ 39,000 የሚጠጉ የእንግሊዝና የዌልስ ነዋሪዎች ሃይማኖታቸው ስፒሪችዋሊዝም መሆኑን ሞልተዋል።

መዝገቡ_ዘአራዳ

ረቂቁን እንዲህ አርሜዋለሁ፤ ስሕተት ካለበት ንገሩኝ። «የስፒሪችዋሊስቶች ብሔራዊ ኅብረት በ1901 በኩባንያ ሕግ ሰውነት አገኘ፤ አምልኮቱ ግን እስከ 1951 ድረስ በወንጀል ሕግ እንደ ማታለል ይቆጠር ነበር፤ ንብረቱ፣ ጋብቻውና የበጎ አድራጎት መብቱ እያንዳንዱ በየራሱ ሕግ እንጂ በአንድ አዋጅ አልተሰጠውም።»

ጠበቃ_በትርፍ_ጊዜው

«እንደ ማታለል ይቆጠር ነበር» ከሚለው ፋንታ «እንደ ማታለል ሊቆጠር ይችል ነበር» ይበሉ። ብዙ ከተሞች ውስጥ ፖሊስ አይቶ እንዳላየ ያልፋቸው ነበር።

መዝገቡ_ዘአራዳ

ታርሟል።